ትንሣኤውን ማመንና መመስከር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። ምሥጢረ ሥላሴን፣ ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ምሥጢረ ጥምቀትንና ምሥጢረ ቍርባንን ተምረን የምንደርሰው ወደዚህ ነው። ጸሎተ ሃይማኖታችንም የሚፈጸመው በዚሁ ተስፋ ነው። የእኛ መነሣት የቆመው በጌታችን፣ በአምላካችንና በመድኃኒታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ትንሣኤ ላይ ሲሆን፣ የጌታችን ትንሣኤ ዜና ደግሞ ወደ እኛ የደረሰው በምስክሮች ቃል ነው።

አራቱ ወንጌላውያን ስለ ትንሣኤው ሁሉም ጽፈዋል፤ ነገር ግን ጌታችን ከመቃብር የተነሣባትን ቅጽበት አንዳቸውም አልተረኩም። የጻፉልን ባዶውን መቃብር ያዩትን፣ ከተነሣም በኋላ እርሱን ያዩትን፣ የዳሰሱትን፣ አብረውት የበሉትን ሰዎች ቃል ነው። ስለዚህ ትንሣኤውን ማመን ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የታማኝ ምስክሮችን ቃል መቀበል ነበረ። ዛሬም ወጣቶቻችን በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በስደት ሀገርም «እንዴት አወቃችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ምስክርነት በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ምን እንደ ሆነ እንመለከታለን። ከዚያም በየዐውደ ምሕረቱና በየጸበሉ ቦታ ስለሚሰማው የግል ምስክርነት፣ በተለይም «እኔ የምመሰክረው ነገር የለኝም» ብለው በልባቸው ስለሚያዝኑ ምእመናን ጥቂት እንላለን።

ምስክርና ሰማዕት

በግእዝ ቋንቋ «ሰምዐ» ማለት ሰማ ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ «ስምዕ» ሲወጣ ምስክርነት ማለት ሲሆን፣ «ሰማዕት» ደግሞ ምስክር ማለት ነው። በአማርኛችን ግን ሰማዕት የምንለው ስለ ሃይማኖቱ ደሙን ያፈሰሰውን ብቻ ነው፤ በሸንጎ ቆሞ ያየውን የሚናገረውን ምስክር እንለዋለን። በግሪክ ቋንቋም እንዲሁ ሆኗል። «ማርቲስ» የሚለው ቃል በጥንት ትርጉሙ ያየውንና የሰማውን በዳኛ ፊት የሚያስረዳ ሰው ማለት ነበረ። በክርስቲያኖች ዘንድ ግን ያዩትን የተናገሩት ሰዎች ስለ ተናገሩት ነገር ተገደሉ፤ ስለዚህ ምስክር የሚለው ስም የሟቾቹ ስም ሆነ። ቃሉን እንዲህ የለወጠው የመዝገበ ቃላት ሊቅ አይደለም፤ የምስክሮቹ ሞት ነው።

ሐዋርያት በይሁዳ ስፍራ ሌላ ሰው ሊተኩ በተሰበሰቡ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ያስቀመጠው መስፈርት ልብ ሊባል ይገባዋል። የሚመረጠው ሰው ጌታችን በዮሐንስ ከተጠመቀበት ቀን አንሥቶ እስካረገበት ቀን ድረስ አብሯቸው የነበረ፣ ከእነርሱም ጋር የትንሣኤው ምስክር የሚሆን መሆን ነበረበት (ሐዋ. 1፥21-22)። አንደበተ ርቱዕነት አልተጠየቀም፤ ዘርና ሀብትም አልተቈጠረም። የተጠየቀው አብሮ መኖር ነው። በዚህ መስፈርት ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው የትንሣኤው ምስክር ስለ ራሱ የሚናገር ሰው አለመሆኑን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በበዓለ ሃምሳ ዕለት ባደረገው ስብከት የእርሱ ሕይወት እንዴት እንደ ተለወጠ አልተናገረም። ከዚያ ዕለት ሃምሳ ቀን አስቀድሞ በአንዲት ገረድ ፊት መካዱን፣ ምርር ብሎም ማልቀሱን ተርኮ ሰሚዎቹን ማስለቀስ ይችል ነበር። እርሱ ግን የተናገረው የተሰቀለው ኢየሱስ እንደ ተነሣ ነው። የጴጥሮስ መለወጥ ለሰሚው ሁሉ ከንግግሩ ውጭ የሚታይ ነበረ፤ ትናንት በእሳት ዳር የፈራው ሰው ዛሬ በዐደባባይ ቆሟልና።

የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች

ትንሣኤውን አስቀድመው የሰሙትና ያበሠሩት ቅዱሳት አንስት ናቸው። በዚያ ዘመን በአይሁድ ሸንጎ የሴት ምስክርነት ተቀባይነት አልነበረውም፤ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፎስ ይህንኑ ጽፏል። ሐዋርያት ታሪክ ፈጥረው ሊያሳምኑ ቢፈልጉ ኖሮ በምስክርነት የሚያቀርቧቸው የሸንጎ አማካሪ የነበረውን የአርማትያሱን ዮሴፍን ወይም የአይሁድ አለቃ የነበረውን ኒቆዲሞስን በሆነ ነበር። ሁለቱም ሥጋውን ገንዘው የቀበሩ፣ ቃላቸውም የሚከበር ሰዎች ነበሩ። ወንጌላውያን ግን የሆነውን እንደሆነ ጻፉ፤ ከዚህም አልፈው ሐዋርያት ራሳቸው የሴቶቹን ቃል እንደ ቅዠት ቈጥረው አለማመናቸውን ሳይደብቁ መዘገቡ (ሉቃ. 24፥11)። የራሱን ሰዎች ድካም የማይሸፍን ምስክር እንዲታመን የሚያደርገው ይህ ነው።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። ማርያም መግደላዊት አትክልተኛ መስሏት ስታነጋግረው ቆየች፤ ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው። ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት፣ ሉቃስና ቀለዮጳ፣ ስድሳ ምዕራፍ ያህል የሚርቀውን መንገድ መጻሕፍትን ሲተረጕምላቸው አብረውት ሄደው አላወቁትም፤ ያወቁት እንጀራውን ሲቈርስ ነው። በጥብርያዶስ ባሕር መረባቸው 153 ታላላቅ ዓሦች በያዘ ጊዜ ጌታ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀው ዮሐንስ ነበር፤ ጴጥሮስ ደግሞ ሰምቶ ወደ ባሕሩ ዘለለ (ዮሐ. 21፥7-11)። አንዷን በስሟ፣ ሁለቱን በማዕድ፣ ሌሎቹን በሥራቸው ቦታ ተገለጠላቸው። ወደ እምነት የደረሱበት መንገድ የየግላቸው ነው፤ የመሰከሩት ግን አንድ ነው። የግል ምስክርነት ለምንለው ነገር ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ቦታ ከዚህ ይታወቃል፤ እያንዳንዳችን እንዴት እንደ ተጠራን መናገር እንችላለን፣ የተጠራንበት ወንጌል ግን እኛ የምንፈጥረው አይደለም።

የመቃብሩን ጠባቂዎች ነገር በአጭሩ እናንሣ። የካህናት አለቆች ለወታደሮቹ ገንዘብ ሰጥተው፣ ተኝተን ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት እንዲሉ መክረዋቸዋል (ማቴ. 28፥11-15)። የተኛ ሰው በእንቅልፉ ሰዓት ለተደረገ ነገር ምስክር ሊሆን እንደማይችል ማንም ይረዳዋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ በመቃብሩ ውስጥ ስለ ቀሩት የመግነዝ ጨርቆች ሲያስተምር፣ ሥጋው የተገነዘበት ከርቤ ጨርቁን ከገላ ጋር አጥብቆ የሚያጣብቅ መሆኑን ያስታውሳል። ሌባ ቸኵሎ ይወስዳል እንጂ ተቀምጦ የተጣበቀ ጨርቅ አይፈታም፤ የራሱን ጨርቅም ለብቻው ጠቅልሎ አያኖርም።

ቅዱስ ጳውሎስ ትንሣኤው ከተፈጸመ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው መልእክቱ ምስክሮቹን በስምና በቍጥር ይዘረዝራል። ኬፋ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ በአንድ ጊዜ ያዩት ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወንድሞች፣ ያዕቆብ፣ ሐዋርያት ሁሉ፣ በመጨረሻም እርሱ ራሱ። ከአምስት መቶውም የሚበዙት በሕይወት እንዳሉ ይናገራል (1ቆሮ. 15፥5-8)። ይህ ማለት የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ሊጠይቃቸው ይችል ነበር ማለት ነው። በዚያው ምዕራፍ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከቱም እምነቱም ከንቱ እንደሚሆን ሐዋርያው ራሱ አስቀምጧል። ለእምነቱ ማፈግፈጊያ አላዘጋጀም።

ቶማስና ስምንተኛው ቀን

የሰሙነ ትንሣኤን ዕለታት ስያሜ ስናይ ቤተ ክርስቲያን የምስክሮቹን ነገር ምን ያህል እንዳከበረችው እንረዳለን። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም ሐሙስ፣ ዓርብ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ደግሞ ዳግም ትንሣኤ ይባላል። ተጠራጥሮ የነበረው ቶማስ በዚህ ሳምንት በስሙ የሚጠራ ዕለት ሲኖረው፣ ስምንተኛው ቀን ዳግም ትንሣኤም እርሱ ያየበትና ያመነበት ነው። አንድ ሐዋርያ ስለ ጥርጣሬው ከመናቅ ይልቅ እንዲህ መከበሩ እኛን ሊያስተምረን ይገባል።

ቶማስን «ተጠራጣሪው» እያልን ስንጠራው ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ነገር አለ። ሌሎቹ ሐዋርያት ቀድመው ያመኑት ቀድመው ስላዩ ነው፤ እነርሱም ጌታችን እጆቹንና እግሮቹን እስኪያሳያቸው፣ ከተጠበሰ ዓሣና ከማር ወለላ ወስዶ በፊታቸው እስኪበላ ድረስ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ደንግጠው ነበር (ሉቃ. 24፥37-43)። ቶማስ የጠየቀው እነርሱ ያገኙትን ነው። ጕድለቱ በእሑድ ማታ ከማኅበሩ መለየቱ ነበር፤ ያመነውም ወደ ማኅበሩ ተመልሶ ከወንድሞቹ ጋር በተገኘ ጊዜ ነው። እነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ ወንድሞቹ አላባረሩትም፤ እርሱም ጥሏቸው አልሄደም። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በቤተሰብ መካከል ጥያቄ ያነሣን ወጣት «መናፍቅ ሆነሃል» ብለን ቶሎ የምንገፋ ሰዎች የእነዚህን ስምንት ቀናት ትዕግሥት ብናስብ መልካም ነው። የተገፋው ልጅ ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበት ቦታ አያጣም፤ እዚያ የሚያገኘው መልስ ግን የአባቶች ላይሆን ይችላል።

ቅዱስ ቶማስ ጌታውና አምላኩ መሆኑን በመሰከረ ጊዜ ያመነው የቍስሉን ምልክት አይቶ ነው። የተነሣው ሥጋ ሞት የማይገዛው፣ በተዘጋ ደጅ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን የችንካሩ ምልክትና የጎኑ ቍስል አልጠፉም። መቃብሩን የከፈተ አምላክ ቍስሉን መሰወር አቅቶት አይደለም። ምልክቶቹን የተዋቸው የተነሣው ያው የተሰቀለው መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ይህን በኋላ የምንመለስበት ስለሆነ ልብ እንበለው።

በትውፊታችን ቶማስ ሌላም ነገር አይቷል። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ስታርግ በደመና ተጭኖ ከሀገረ ስብከቱ ሲመለስ አግኝቷት፣ ቀድሞ የልጇን ትንሣኤ ሳያይ እንደ ቀረ አሁንም የእርሷ እንዳያመልጠው አዝኖ ነበር፤ እርሷም መነሣቷን ለወንድሞቹ እንዲመሰክር የተገነዘችበትን ሰበን ሰጥታዋለች። በፍልሰታ ጾም ፍጻሜ ነሐሴ 16 ቀን የምናስበው ይህንን ነው። ቀድሞ ምስክር የፈለገው ሰው ለሌሎቹ ምስክር ሆነ።

ስለ ፈውስ ምስክርነት

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በብዙ ምእመናን ዘንድ «ምስክርነት» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ከደዌ መፈወስ፣ ከችግር መውጣት፣ ያጡትን ማግኘት ነው። በጸበል ቦታዎች የዳኑ ሰዎች ቆመው እግዚአብሔር ያደረገላቸውን ይናገራሉ፤ ይህም ዛሬ በየስልኩ እየተቀረጸ ለብዙዎች ይደርሳል። ነገሩ በራሱ መልካም ነው። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው በፈሪሳውያን ፊት ዓይኑ እንደ በራለት ሳያፍር ተናግሯል (ዮሐ. 9)። የእግዚአብሔርን ሥራ መሰወር ምስጋና ቢስነት ነው።

የሚያሳስበን ግን በዚያው ጸበል ቦታ ከኋላ ተቀምጠው ስለሚሰሙት ነው። ለሰባት ዓመት ተመላልሳ ያልዳነች እናት አለች። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ አባት አለ። ስትጾምና ስትጸልይ ኖራ ትዳሯ የፈረሰባት እኅት አለች። እነዚህ ሰዎች የሌሎቹን እልልታ ሲሰሙ «የእኔ እምነት ምን ጐደለው?» ብለው ራሳቸውን ይመረምራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ጥንቃቄ የጐደለው ቃል ይህንኑ ጥርጣሬያቸውን ያባብሰዋል። ፈውስን የእምነት መለኪያ አድርጎ መስበክ የአባቶቻችን ትምህርት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም (2ቆሮ. 12፥7-9)፤ ሐዋርያነቱ ግን አልጐደለም።

የፈውስ ምስክርነት ሁሉ ወሰን አለው። አልዓዛር አራት ቀን በመቃብር ቆይቶ ተነሣ፤ ከዚህ የሚበልጥ ፈውስ ምን አለ? ሆኖም አልዓዛር ዳግመኛ ሞቷል። የኢያኢሮስ ልጅና የናይን መበለት ልጅም እንዲሁ። በጌታችን እጅ የተፈወሱት ሁሉ ከጊዜ በኋላ ታመው ወይም አርጅተው ተቀብረዋል። ዳግመኛ ሞት የማያገኘው ትንሣኤ የጌታችን ትንሣኤ ነው፤ የሙታን በኵርነቱም በዚህ ይታወቃል (1ቆሮ. 15፥20)። እንግዲህ የክርስቲያን ምስክርነት «ችግሬ ተወገደልኝ» በሚለው ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ፣ ችግሩ ተመልሶ በመጣ ዕለት ምስክርነቱም ይፈርስ ነበር። የእኛ ምስክርነት ሞት ራሱ መሸነፉን ነው። ይህን ደግሞ የዳነው ብቻ ሳይሆን ያልዳነውም፣ እንዲያውም ያልዳነው ይበልጥ፣ ሊመሰክረው ይችላል። ከቍስሏ ጋር ማልዳ ተነሥታ ቅዳሴ የምትቆመው እናት ቆማ የማትናገረው ነገር ቢኖርም ምስክር ናት። ጌታችን ቍስሉን ይዞ በደቀ መዛሙርቱ መካከል እንደ ቆመ ቀደም ብለን ያልነው ስለዚህ ነው።

የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ለሀገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመው አባት፣ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፉ ለትንሣኤው ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ይህንኑ ነው። ከክርስቶስ መምጣት በፊት ሞት ለሁሉ የሚያስፈራ ነበረ፤ ከትንሣኤው በኋላ ግን ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ በሞት ፊት ሳይፈሩ ሲቆሙ እንደሚታዩ ያስረዳል። ሞትን የሚመስለውም በእውነተኛው ንጉሥ ድል ተነሥቶ፣ እጅና እግሩ ታስሮ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚሳለቅበት ግፈኛ ነው። የሞተ ሰው ምንም እንደማይሠራ፣ ክርስቶስ ግን በየዕለቱ ሰዎችን ከክፋት እየመለሰ እንደሚሠራ፣ ስለዚህም ሕያው መሆኑ በሥራው እንደሚታወቅ ጨምሮ ይሞግታል። አትናቴዎስ ይህን ሲጽፍ የክርስቲያኖች ስደት ትዝታ ገና ትኩስ ነበርና ለአንባቢዎቹ እንግዳ ነገር አልነበረም።

በልቅሶ ቤት

ትንሣኤን ማመናችን ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በልቅሶ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን አታልቅሱ አትልም፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል። ሐዋርያው ያስተማረው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን ነው (1ተሰ. 4፥13)። በልቅሶና በተስፋ ቢስ ልቅሶ መካከል ያለውን ልዩነት ሥርዓታችን ያሳየናል። ክርስቲያን ሲያርፍ ተገንዞ፣ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀበራል፤ ጌታችን ከዚያ ሲመጣ ለመነሣት የሚጠባበቅ ሰው አቀማመጥ ነውና። በሆሣዕና እሑድ ደግሞ በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። ማን እንደሚሞት ሳይታወቅ ሁላችንም ቆመን ስለ ራሳችን እንሰማለን። በዚያች ሰዓት ሞትን የምናስበው ግን ወደ ትንሣኤ በሚያደርሰው ሳምንት ደጃፍ ላይ ቆመን ነው።

ፊት መንጨትና ደረት መድቃት፣ «አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ አላይህም» እያሉ መጮኽ ግን ከዚህ እምነት ጋር አይስማማም። ሐዘንተኛውን በዚያ ሰዓት መገሠጽም ተገቢ አይደለም፤ የሚሻለው አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ማለት፣ ሲረጋጋም ከጸሎቱ ጋር ማቀራረብ ነው። ስለ ተዝካርም አንድ ነገር እንበል። የዐርባው ቀን መታሰቢያ ስለ ነፍሱ የሚጸለይበትና ድኾች የሚመገቡበት ነው፤ የቀረው ቤተሰብ ተበድሮ ሰፈሩን አጥግቦ ዕዳ ውስጥ እንዲገባ የታዘዘ አይደለም። ያለቻትን ይዛ ለቅዳሴ ዕጣንና ዘቢብ የምታቀርብ፣ ለሁለት ለሦስት ነዳያንም እንጀራ የምታጐርስ መበለት ትንሣኤን በተግባር መስክራለች።

የሚጠይቁንን ስለ መመለስ

ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን ያዝዘናል፤ ግን ይህ በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ይጨምራል (1ጴጥ. 3፥15)። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክፍል ይዘን ሁለተኛውን እንተወዋለን። በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ በስድብ የተሞላ ክርክር አንድን ሰው ወደ ትንሣኤው እምነት ሲያቀርብ አላየንም። የማያውቀውን ሲጠየቅ «አባቶችን ጠይቄ እነግርሃለሁ» የሚል ወጣት፣ በስሜት ያልተማረውን ከሚናገር ይሻላል፤ ቀዳሜ ሰማዕት ዲያቆን ቅዱስ እስጢፋኖስ በሸንጎ የተናገረው ከአብርሃም ጀምሮ መጻሕፍትን በሚገባ ያወቀ ሰው ንግግር ነውና። እርሱ ሲወገር ለወጋሪዎቹ ይቅርታን ለመነ፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ሳውል ያን አይቷል፣ ሰምቷልም። ጌታችን በደማስቆ መንገድ ከመገለጡ በፊት ለሳውል የደረሰው ምስክርነት ይህ ነበር።

በዐረብ ሀገራት በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እኅቶቻችን ብዙ ጊዜ ቃል ለመናገር እንኳ ዕድል የላቸውም። ማስቀደስ ሳይችሉ ዓመታት የሚያልፉባቸው አሉ። አንገታቸው ላይ ያለው ማዕተብ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተቀብረው መነሣታቸውን ይናገርላቸዋል (ሮሜ 6፥3-5)። ማዕተባቸውን እንዲፈቱ የተጠየቁ፣ አልፈታም ያሉም አሉ።

በ2007 ዓ.ም. ዳግም ትንሣኤ

በ2007 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን ነበር። በሳምንቱ ሚያዝያ 11 ቀን፣ የቶማስ ወንጌል በሚነበብበት በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ በሊቢያ በአሸባሪው ቡድን እጅ የወደቁ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መገደላቸውን የሚያሳይ ምስል ለዓለም ተሰራጨ። ከፊሎቹ በባሕር ዳርቻ አንገታቸው ተቀላ፣ ከፊሎቹ በበረሓ በጥይት ተገደሉ። ቍጥራቸው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ነበር። በሀገር ደረጃ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ከሁለት ወር በፊት የካቲት 8 ቀን ደግሞ በዚያው ሀገር ሃያ አንድ ክርስቲያኖች፣ ሃያ ግብፃውያንና አንድ ጋናዊ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ መገደላቸው ታውቆ ነበር።

እነዚህ ወንድሞቻችን ሰባክያን አልነበሩም። አብዛኞቹ ወደ አውሮፓ ተሻግረው ቤተሰባቸውን ሊረዱ የወጡ የቀን ሠራተኞችና ወጣቶች ነበሩ። የተነገረላቸው የፈውስ ታሪክ የለም፤ ያሰቡትም ጉዞ አልተሳካም። በሰው ዓይን ሲታይ ያልተመለሰ ጸሎት ነው። በአዲስ አበባ በቂርቆስ ሰፈር የሐዘን ድንኳን ሲተከል ከሀገሩ ሁሉ ሰው ጐረፈ፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር በሕፃንነቱ ስለ ክርስቶስ ከመሰከረው ከቅዱስ ቂርቆስ ነው። ሬሳ ሳይኖር ለቅሶ ተቀመጡ። መቃብር የሌለው ልጅ እናት ምን ትላለች? ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ የቀበረው ሰው የለም፤ የባሕሩ ዳር አሸዋና በረሓው ተቀብለውታል። ሆኖም ባሕርም በእርሷ ውስጥ ያሉትን ሙታን እንደምትሰጥ በዮሐንስ ራእይ ተጽፏል (ራእ. 20፥13)፤ እናቶቹም በየቤተ ክርስቲያኑ ስማቸውን አስጽፈው ጸሎተ ፍትሐት አስደርገውላቸዋል።

ሰማዕት የሚለው ስም እንደ ጥንቱ ሁለቱንም ትርጉሞቹን ይዞ ወደ እኛ ዘመን የደረሰው በእነዚህ ልጆች ነው። በየዓመቱ ዳግም ትንሣኤ ሲደርስ፣ ቶማስ የጌታችንን ጎን የዳሰሰበት ወንጌል ሲነበብ፣ በቅዳሴው መካከል ስማቸውን የሚያስቡ ካህናትና ቤተሰቦች አሉ። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያን የምንገኝ ሁሉ ስማቸውን ባናውቅ እንኳ አብረን «አሜን» እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።